ኢዮብ ዝም አላለም፦ ስለ መከራ፣ ትዕግሥትና መጽናናት የተደረገ ዳሰሳ

ልቅሶ ቤት የገባ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ብሎ ከሐዘንተኛው ጎን ይቀመጣል፤ ወይ ምክንያት ማስረዳት ይጀምራል፦ ለበጎ ነው፣ አምላክ የሚወደውን ቶሎ ይጠራል፣ ማልቀስ እምነት ማጣት ነው፣ ታገሡ። ሁለቱም ክርስቲያኖች ናቸው፤ ሁለቱም የሚናገሩት ተምረነዋል የሚሉትን ነው። ልጇን የቀበረች እናት ግን የትኛው እንደ ደገፋት፣ የትኛው ደግሞ በሐዘኗ ላይ ኀፍረት እንደ ጨመረባት ለይታ ታውቃለች። በመከራ ጊዜ ከክርስትና እምነት ትዕግሥትና መጽናናት ይገኛል ወይ ለሚለው ጥያቄ "አዎ" ማለት ቀላል ነው። የሚከብደው እንዴት ያለ ትዕግሥት፣ በማን በኩል የመጣ መጽናናት ብሎ መለየቱ ነው። ቅዱሳት መጻሕፍትን፣ የአባቶችን ደብዳቤዎች፣ የቤተ ክርስቲያንን የዓመት ዑደት፣ የቅርብ ዘመን ሰማዕታትን ታሪክና የሐኪሞችን ጥናት ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው አንድ ነገር ይደጋገምብኛል፦ ሲጸና ያየነው ትዕግሥት ልቅሶና አቤቱታ የተፈቀደለት፣ ሰውም የከበበው ነው።

ከኢዮብ መጀመር ግድ ነው። "የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥህ" እንባባላለን፤ የያዕቆብ መልእክትም በምዕራፍ 5 ኢዮብን የሚያነሣው በትዕግሥቱ ነው። ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች ኢዮብ ነው፤ ሀብቱንና ልጆቹን በአንድ ቀን አጥቶ አምላኩን ያመሰገነውን። መጽሐፉ 42 ምዕራፍ አለው። ከምዕራፍ 3 ጀምሮ ያ ሰው የተወለደበትን ቀን ይረግማል፤ ሞትን ይመኛል፤ ከፈጣሪው ጋር ፊት ለፊት መሟገት እፈልጋለሁ ይላል። ሦስቱ ወዳጆቹ ሊጠይቁት ሲመጡ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ ከእርሱ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ፤ በመጽሐፉ ውስጥ ካደረጉት ሁሉ የተሻለው ይኸው ነው። አፋቸውን የከፈቱ ዕለት ነገሩ ተበላሸ። የተናገሩት ለጆሮ ጥሩ ስብከት ነው፦ አምላክ ጻድቅ ነው፤ አንተ ተቀጥተሃል፤ ስለዚህ በድለሃል፤ ንስሐ ግባ። በመጨረሻው ምዕራፍ የእግዚአብሔር ቁጣ የወረደው በእነርሱ ላይ ነው። ስለ እርሱ ቅን ነገር የተናገረው ያ ሲጮኽ የከረመው ሰው መሆኑን እግዚአብሔር መሰከረ፤ ወዳጆቹም ይማሩ ዘንድ ኢዮብ እንዲጸልይላቸው አዘዘ። ይህን ፍርድ ልብ ብሎ ያነበበ ሰባኪ ከድንኳን ሥር ቆሞ ምክንያት ለመደርደር የሚደፍር አይመስለኝም። ኢዮብ ራሱ ለምን እንደ ተሠቃየ እስከ መጨረሻው አልተነገረውም። የተሰጠው ነገር አቤት ሲለው የኖረው አምላክ መጥቶ ማነጋገሩ ነው።

መዝሙረ ዳዊትም የሚመሰክረው ይህንኑ ነው። ከመዝሙራቱ ሲሶ ያህሉ ልቅሶና አቤቱታ ናቸው። አብዛኞቹ ጀምረው ሲያለቅሱ ቆይተው ወደ ምስጋና ይመለሳሉ፤ በእኛ አቈጣጠር 87ኛው ግን አይመለስም፤ ዘማሪው ከወዳጆቹ ተለይቶ፣ በጨለማ ውስጥ እንዳለ ያበቃል። ይህ መዝሙር ከመጽሐፉ አልወጣም፤ ማስተካከያ አልተጨመረበትም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን መዝሙራቱን ለሰባቱ ቀናት ከፍሎ ሲደግም፣ ደስ ያለውም ያዘነውም የ87ኛው ቀን ሲደርስ ያንኑ ይላል። የዚህን ሥርዓት ጥበብ የምናስተውለው በመከራ ጊዜ ነው። ሐዘን የደረሰበት ሰው የራሱ ጸሎት ይጠፋበታል፤ ዳዊቱ ግን ቃሉን አዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ሰው ሲሞት ከአስከሬኑ አጠገብ ዳዊት የሚደገመውም ለሟቹ ብቻ አይደለም ብዬ አምናለሁ፤ ዙሪያውን የተቀመጡት ሰዎች ሌሊቱን የሚሻገሩት በዚያ ድምፅ ነው።

ወደ ወንጌል ስንመጣ፣ ስለ መከራ የተጻፉ ብዙ ስብከቶች ቶሎ ወደ መስቀሉ ይሮጣሉ። ከዚያ በፊት ጌቴሴማኒ አለ። ክርስቶስ በዚያች ሌሊት ሦስት ደቀ መዛሙርቱን ይዞ ሄዶ የለመናቸው አንድ ነገር ነበር፤ አብረውት እንዲነቁ። ማብራሪያ አልጠየቃቸውም፤ አያውቁትምም ነበር። ጽዋው እንዲያልፍለት አባቱን ለመነ፤ ላቡም እንደ ደም ነጠብጣብ ወረደ። በመስቀል ላይም ለምን ተውኸኝ የሚለውን ጩኸት ከመዝሙር 21 ወስዶ ጮኸ። ከመቸንከር የከፋ ብቸኝነት በዚያ ጩኸት ውስጥ አለ፤ ያንን ጩኸት የጮኸው ግን እምነቱ በማንም የማይጠረጠረው እርሱ ነው። እንግዲህ "ለምን?" ብሎ የጮኸ ሰው እምነት አጥቷል የሚል ሰው መጀመሪያ ይህን ምዕራፍ ማለፍ አለበት።

የጌቴሴማኒን ልመና እንደ ሥራ መመሪያ የወሰደች አንዲት ሴት አለች። ሲስሊ ሳንደርስ እንግሊዛዊት ናት፤ ነርስ ነበረች፤ ቀጥሎ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ፣ በመጨረሻም ሐኪም ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1967 በለንደን የቅዱስ ክሪስቶፈርን ሆስፒስ ከፈተች፤ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የማይድን ሕመም ላለባቸው ሰዎች የሚሰጥ የማስታገሻ ሕክምና የዘመናዊ ታሪኩ የሚጀምረው ከዚያ ነው። አጥባቂ ክርስቲያን ነበረች፤ የሥራዋንም መሠረት የምትገልጸው ክርስቶስ ወዳጆቹን አብራችሁኝ ንቁ ባለው ቃል ነበር። የሕመምተኛው ሥቃይ የሥጋ ብቻ እንዳልሆነ፣ የቤተሰቡ ጭንቀት፣ የገንዘቡ ሐሳብና የነፍሱ ጥያቄ አንድ ላይ እንደሚጫኑት አስተማረች። ሞርፊንን ግን አልናቀችም፤ ሕመሙ እስኪብስ ሳይጠበቅ በሰዓቱ እንዲሰጥ ተከራከረች። ስለ እምነትና ስለ ሕመም በጻፉ ሰዎች መካከል ለእኔ ትልቁን ቦታ የምትይዘው እሷ ናት፤ ጸሎትና መድኃኒት በእጇ ላይ ተጣልተው አያውቁም።

ጳውሎስ በሥጋው የተሰጠውን መውጊያ እንዲወስድለት ሦስት ጊዜ ለመነ፤ አልተወሰደለትም፤ የሚበቃው ጸጋ ግን እንዳለው ተነገረው። በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት መክፈቻ ደግሞ አምላክን የመጽናናት ሁሉ አባት ብሎ ይጠራና ወዲያው ወደ ሰው ይዞራል፦ የተጽናናነው በመከራ ያሉትን እንድናጽናና ነው ይላል። ይህንን በአገራችን ሰው ሕይወት ያየነው በእማማ አበበች ጎበና ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በወሎ ረሀብ ጊዜ ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄደው፣ ከሞተች እናቷ ጡት ላይ ያልተላቀቀች ሕፃን መንገድ ላይ አገኙ። ሕፃኗን ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ከዚያ ሌሎችን ጨመሩ፤ ለልጆቹ ሲሉ ትዳራቸውንና ቤታቸውን አጡ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ በእጃቸው ያለፉት ልጆች እናታችን እያሉ አለቀሱላቸው። ከተሳላሚ የሚጠበቀው በረከት ይዞ መመለስ ነበር፤ እርሳቸው ግን ሕፃን ይዘው ተመለሱ።

ከአባቶች ጽሑፍ ሁሉ በዚህ ጉዳይ ደጋግሜ የምመለስበት የዮሐንስ አፈወርቅ ደብዳቤዎች ናቸው። የቁስጥንጥንያው ሊቀ ጳጳስ ቤተ መንግሥቱን ገሥጾ እ.ኤ.አ. በ404 ተሰደደ፤ በ407 ወታደሮች እየነዱት ሳለ በመንገድ ላይ አረፈ። በስደቱ ዓመታት ለወዳጁ ለዲያቆናዊቷ ኦሎምፒያስ የጻፋቸው 17 ደብዳቤዎች ለእኛ ደርሰዋል። እሷም በእርሱ ምክንያት ተከስሳ፣ ከማኅበሯ ተለይታ፣ በከባድ ትካዜ ውስጥ ነበረች። ደብዳቤዎቹ ወጥ አይደሉም። አንዳንዴ ይቆጣታል፤ የሐዘኗን ጥልቀት እንደ ጥፋት አድርጎ ያነሣባታል፤ በዚህ አልከተለውም። በሌላ ቦታ ግን ትካዜ ከሥጋ ሕመም ሁሉ የሚብስ ሥቃይ መሆኑን ሳይሸፋፍን ይነግራታል፤ ራሱ በብርድና በሆድ ሕመም እንዴት እንደ ተንገላታ ይዘረዝራል፤ የተላከለት መድኃኒት እንደ ጠቀመው ይጽፋል፤ እሷም ሐኪም እንድታይ ይመክራታል። ኢዮብን፣ ዮሴፍን፣ ጳውሎስን አንድ በአንድ እያነሣ ያጽናናታል። በመከራ ላይ ያለ ሰው በመከራ ላይ ላለ ሰው ሲጽፍ እንዲህ ነው፤ ከደረቅ ትምህርት ይለያል።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን ይህን ልዩነት በአንድ ሰው ሕይወት ያሳየው ክርስቲያኑ ጸሐፊ ሲ. ኤስ. ሉዊስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 ስለ ሥቃይ ጥሩ አድርጎ ያሰናዳው የመከራከሪያ መጽሐፍ አሳተመ። በ1960 ሚስቱ በካንሰር ሞተች። በዓመቱ ያወጣው ሁለተኛ መጽሐፍ የሐዘን ማስታወሻ ነው፤ ቁጣና ጥርጥር ስለበዛበት በራሱ ስም እንኳ አላወጣውም፤ በብዕር ስም ነበር። ሁለቱን ያነበበ ሰው የመጀመሪያውን ለክርክር፣ ሁለተኛውን ለሐዘንተኛ ይሰጣል።

በኢትዮጵያ ይህ ሁሉ በዋናነት የሚኖረው በመጽሐፍ ሳይሆን በቀን መቁጠሪያ ነው። ከመስከረም 26 ጀምሮ ለ40 ቀን ዘመነ ጽጌ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን እመቤታችን ሕፃኑን ታቅፋ ወደ ግብፅ የተሰደደችበትን ታስባለች። በየሳምንቱ ማኅሌተ ጽጌና ሰቆቃወ ድንግል ይቆማል። ሰቆቃው የእናት ልቅሶ ነው፤ ረሀቡን፣ ጥማቱን፣ የመንገዱን አሸዋ፣ የሚያስጠጋ ቤት ማጣቷን ይዘረዝራል። መሬቱ በአደይ አበባ በሚሸፈንበት፣ ገበሬው እሸት በሚጠብቅበት ወራት ሊቃውንቱ ሌሊቱን ቆመው ስለ ስደተኛ እናት ያለቅሳሉ። ከትግራይ፣ ከአማራ፣ ከኦሮሚያ ቤታቸውን ጥለው የተፈናቀሉ እናቶች ባለፉት ዓመታት ይህን ሲሰሙ ምን ብለው እንደ ሰሙት መገመት አይከብድም፤ ታሪካቸውን ከእነርሱ በፊት የሚያውቅ ዜማ አለ።

በሰሙነ ሕማማት ደግሞ ሐዘኑ ሥርዓት ይሆናል። መሳሳም የለም፤ ካህናት በመስቀል አያሳልሙም፤ ስግደቱ እስኪደክም ይቀጥላል፤ ኪርያላይሶን ይባላል። በዚያ ሳምንት ለሚሞት ሰው ፍትሐት ስለማይደረግ በሆሣዕና ቀድሞ ለሁሉም ይጸለያል፤ በቤተ ክርስቲያኑ የተሰበሰበው ሕዝብ በሕይወት ሳለ የራሱን ፍትሐት ይሰማል። ይህን ሳምንት ሳይዘልል ያሳለፈ ሰው ትንሣኤን እንደ ማስታገሻ ቃል አይጠቀምበትም። ከቀብር በኋላም እንዲሁ ነው፦ ሦስተኛው፣ ሰባተኛው፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ። ለሟቹ ጸሎት ነው፤ ለቤተሰቡ ግን ሰው ተመልሶ የሚመጣበት ቀጠሮ ነው። በዕድሩ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ውስጥ ያለውን ሥነ መለኮት ሊቃውንቱ በሚገባ ጽፈውልናል ለማለት ይቸግረኛል። (ተዝካሩ ድሀ ቤተሰብን ዕዳ ውስጥ ሲከት ግን ማጽናናቱ ቀርቶ ሌላ ሐዘን ይሆናል፤ ይህንን ሊቃነ ካህናቱ ራሳቸው ሲገሥጹ እንሰማለን።) የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ተዝካር አያደርጉም፤ ሙሾንም በመዝሙር ይተካሉ። ዝማሬያቸው ብዙዎችን አጽንቷል። ሆኖም በአንዳንድ ጉባኤ የሐዘንተኛ ዕንባ እንደ እምነት ጉድለት ሲታይ፣ ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈው ተስፋ እንደሌላቸው እንዳያዝኑ እንጂ ፈጽሞ እንዳያዝኑ አለመሆኑ ተረስቷል።

ስለ መጽናት ሲወራ በአገራችን ሰማዕታትን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ በፋሺስት ጥይት በአዲስ አበባ ተገደሉ። በደርግ ዘመን ደግሞ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ አገር ለቀው እንዲወጡ ዕድል ቀርቦላቸው መንጋዬን አልተውም አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ማታ በአዲስ አበባ ኡራኤል አካባቢ ከሚገኘው ቤተ ክርስቲያን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት መርተው ሲወጡ ተይዘው በዚያው ሌሊት ተገደሉ። አስከሬናቸው የተገኘው ከደርግ ውድቀት በኋላ ነው። የእርሳቸውን ጽናት ሁሉም ያነሣዋል። እኔ ደግሞ ብዙ የማስበው ባለቤታቸውን ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳን ነው። ያን ማታ አብረው ነበሩ፤ ባሏ የት እንደ ተቀበረ ለዓመታት ያላወቀች ሴት ናት፤ ቀጥሎ እሷም ተይዛ ተሠቃየች፤ አሥር ዓመት ገደማ በእስር አሳለፈች። ሰማዕትነት የአንድ ሌሊት ነው፤ እንዲህ ያለው ትዕግሥት ግን በየማለዳው ይጀመራል። ስለ ሰማዕታት የሚጻፉ መጻሕፍት ለቀሩት ሚስቶችና ልጆች ጥቂት ገጽ ብቻ መስጠታቸው ያሳዝነኛል።

የካቲት 8 ቀን 2007 ዓ.ም. በሊቢያ ባሕር ዳርቻ 21 ክርስቲያኖች ሲታረዱ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ፤ 20ዎቹ ግብፃውያን፣ አንዱ ጋናዊ ነበሩ። ከዚያ በሚያዝያ 11 የኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች መገደል ተሰማ። ከሟቾቹ መካከል የአዲስ አበባው ቂርቆስ ሰፈር ልጆች ነበሩ፤ ቤተሰብ መርዶውን ያየው በስክሪን ነው። መንግሥት የሦስት ቀን ሐዘን አወጀ፤ ሰፈሩ ግን ከዚያ በፊት በጩኸት ተሞልቶ ነበር። ሁለት ወንድሞቹን ያጣ ግብፃዊ በቴሌቪዥን ቀርቦ ገዳዮቹን ይቅር እንዳለ ሲናገር ዓለም ተደነቀ። የቂርቆስ እናቶች ደግሞ ደረታቸውን እየደቁ አለቀሱ። አንዱ ከሌላው የበለጠ እምነት ነው የሚል ሚዛን አልቀበልም። ኢዮብም ሁለቱንም አድርጓል።

እንግዲህ የተበላሸውን ሳላነሣ ብተወው ዳሰሳው ጎዶሎ ይሆናል። ትዕግሥት ለራስ ሲሆን ታላቅ ነገር ነው፤ ለሌላ ሰው ሲታዘዝ ግን በደልን መሸፈኛ ሊሆን ይችላል። ባሏ የሚደበድባትን ሴት "ታገሺ፣ መስቀልሽ ነው" ብሎ ወደዚያው ቤት የመለሰ ሽማግሌ ወይም ካህን የክርስቶስን መስቀል ለተሳሳተ ሰው አሸክሟል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ላይ ያለችው መበለት የምትመሰገነው ዳኛውን ፍረድልኝ እያለች ባለመተዋ ነው፤ እሷም ታጋሽ ናት። ሌላው ብልሽት የኢዮብን ወዳጆች ትምህርት በማይክሮፎን የሚደግመው ነው፦ ከታመምህ ኃጢአት አለብህ፣ ከደኸየህ እምነትህ አንሷል። ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ማን ኃጢአት ሠራ ብለው የጠየቁት ደቀ መዛሙርት የተሰጣቸው መልስ ይህን በር ዘግቶታል።

ስለ ጸበል ደግሞ እንዲህ ማለት እፈልጋለሁ። በእንጦጦ ማርያም የኤች አይ ቪ ሕመምተኞች ለዓመታት ጸበል ሲጠመቁ ኖረዋል፤ ብዙዎቹ በየሰፈሩ ከተገለሉ በኋላ ሰው ያገኙት እዚያ ነው። አንዳንዶች ግን መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጉደል ነው ተብለው አቋረጡ። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን ጸበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደማይጋጭ በይፋ ማስተማራቸው ሕይወት አትርፏል ብዬ አምናለሁ። ለአእምሮ ሕመምም ያው ትምህርት አሁንም ያስፈልጋል።

የእምነትን ኃይል በቁጥር የሚመረምሩ ሰዎችም የኢዮብ ወዳጆች ዓይነት ትምህርት እንደሚጎዳ ወደሚጠቁም ነጥብ ደርሰዋል። ኬኔት ፓርጋመንት የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ሆስፒታል የተኙ 596 ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሕመምተኞችን ለሁለት ዓመት ተከታትሎ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2001 አሳተመ። አምላክ ትቶኛል፣ እየቀጣኝ ነው፣ አይወደኝም ብለው የሚሰቃዩት ከሌሎቹ ይልቅ የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ይህ ምክንያቱንና ውጤቱን ለይቶ አያረጋግጥም። ነገር ግን ለካህንና ለመጋቢ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ነው፦ ሕመምተኛን "ይህ ቅጣት ነው" ማለት ባዶ ቃል አይደለም። የተተወ የመሰለው ሰው ይህን ጭንቀት አውጥቶ የሚናገርለት ጆሮ ያስፈልገዋል፤ 87ኛው መዝሙር ለዚህ ነው የተሰጠው።

ይህ ሁሉ ሲፈተን የማየው በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በሊባኖስ በቤት ሠራተኝነት በሚኖሩ እህቶቻችን ላይ ነው። አገር ቤት መርዶ ማለዳ፣ የቅርብ ሰዎች ተሰብስበው፣ ደግፈው ነው የሚያረዱት። እሷ የእናቷን ሞት የምትሰማው በስልክ፣ ብቻዋን፣ ማድ ቤት ቆማ ነው፤ ከአፍታ በኋላ ለአሠሪዋ ልጆች ምሳ ማቅረብ አለባት። ድንኳን የለም፤ ዕድር የለም፤ በሳዑዲ ዓረቢያ በይፋ የሚገቡበት ቤተ ክርስቲያን እንኳ የለም። በቤይሩት ቢያንስ በእሑድ የሚሰበሰቡበት ቦታ አላቸው፤ በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን በኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ እየጣሉ ሲሄዱ ምግብና መጠለያ ያሰባሰቡላቸው ራሳቸው ስደተኛ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ነበሩ። በሌሎች ከተሞች ደግሞ ሐዘን ለደረሰባት ጓደኛቸው በሌሊት ስልክ ላይ ይሰበሰባሉ፤ አንዷ ዳዊት ትደግማለች፣ ሌሎቹ ያለቅሳሉ፣ የንስሐ አባቷ ካገር ቤት ደውሎ ይጸልይላታል። ለእኔ ይህ የጌቴሴማኒው ልመና መልስ ነው። የሚሆነው ግን ስልኳ ካልተቀማ፣ ሌሊቱም የእሷ ከሆነ ብቻ ነው፤ ስለዚህ እህቶቻችንን በአውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ "እግዚአብሔር ይከተልሽ" ብለው የሚሸኙ አብያተ ክርስቲያናት ስለ ዕረፍት ቀናቸው፣ ስለ ፓስፖርታቸውና ስለ ሥራ ውላቸው ለኤጀንሲዎቹና ለመንግሥት ዘወትር አቤት ማለት አለባቸው፤ እንደዚያች መበለት።